ሁለት ሕመም በአንድ ካርቡራተር

(የሞተር ሳይክል ድምፅ። በእግር ሲረገጥ ይሰማል፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ይነሳል፤ ይንተፋተፋል፤ ይጠፋል።)

አሁን የሰማችሁት ድምፅ ከደብረ ብርሃን በስልክ ተቀርጾ የተላከልን ነው። የላከው ወጣት የሞተር ሳይክሏን ታሪክም ጽፎልናል። ያማሃ ዲቲ 125 ናት፤ ዕድሜዋ ከእሱ ይበልጣል። አባቱ የግብርና ባለሙያ ሳሉ ሸዋ ሮቢት ላይ ተመድበው ከቀበሌ ቀበሌ ሲዞሩ የኖሩት በእሷ ነው። መሥሪያ ቤቱ በጨረታ ሲሸጣት እሳቸው ገዟት። ጡረታ ሲወጡ ግቢ ውስጥ፣ ቆርቆሮ ሥር፣ አራት ዓመት ቆመች። ዘንድሮ ልጁ በአይሱዙ አስጭኖ ወደ ደብረ ብርሃን አመጣት።

ችግሯን እንዲህ ይገልጸዋል። ቾክ ካልተሳበ አትነሳም። ቾኩ ሲመለስ ትጠፋለች። የነዳጅ መስጫውን እጀታ እያዞረ እንደምንም አሙቋት መንገድ ከጀመረ በኋላ ደግሞ፣ ቾኩ ተመልሶም ቢሆን፣ እጀታው ግማሽ ገደማ ላይ ሲደርስ ትታፈናለች። ጭሷ ይጠቁራል። ካንዴላዋ በሁለት ቀን ጥላሸት ይለብሳል። ሦስት መካኒኮች አይተዋታል። የመጀመሪያው ቤንዚን አንሷታል አለ። ሁለተኛው ቤንዚን በዝቶባታል አለ። ሦስተኛው ካርቡራተሩ አርጅቷልና ይቀየር አለ። የልጁ ጥያቄ አጭር ናት፦ ማንን ልመን?

እኔ የመጀመሪያውንም ሁለተኛውንም አምናለሁ። ሁለቱም ያዩትን ነው የተናገሩት። ቤንዚን አንሷታልም፣ በዝቶባታልም። እንዴት አንድ ካርቡራተር በአንድ ጊዜ ሁለት ተቃራኒ ሕመም ይታመማል? ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ነው። እግረ መንገዳችንንም ካቻቢቴ ከማንሳታችን በፊት በጆሮ ብቻ ምን ያህል ርቀን መሄድ እንደምንችል እናያለን።

በመጀመሪያ የካርቡራተርን ሥራ በዓይነ ኅሊናችን እንሳለው። ድሮ ለትኋንና ለዝንብ የምንነፋትን ባለ ፓምፕ ፍሊት የምታስታውሱ አትጠፉም። ከፊት ቆርቆሮ ጣሳ አለች፤ ከጣሳዋ ውስጥ ቀጭን ቱቦ ብቅ ትላለች። እጀታው ሲገፋ አየሩ በቱቦዋ አፍ ላይ በፍጥነት ያልፋል፤ ፈሳሹም ማንም ሳይገፋው ከታች ተስቦ ይወጣና እንደ ጉም ይበተናል። በጠባብ መንገድ በፍጥነት የሚያልፍ አየር ግፊቱ ይቀንሳል፤ ፈሳሹ የሚሳበው በዚያ ምክንያት ነው። ስዊዘርላንዳዊው ዳንኤል በርኑሊ እ.ኤ.አ. በ1738 ባሳተመው መጽሐፍ ያብራራው፣ በኋላም ጣሊያናዊው ጆቫኒ ባቲስታ ቬንቱሪ በጠባብ ቱቦ ያጠናው ነገር ይኸው ነው። ሁለት ሃንጋሪያውያን፣ ዶናት ባንኪና ያኖሽ ቾንካ፣ እ.ኤ.አ. በ1893 ይህንኑ ሐሳብ ለቤንዚን ሞተር አዋሉትና የፈጠራ መብት ጠየቁበት። የዲቲዋ ካርቡራተር የጃፓኑ የሚኩኒ ሥራ ነው፤ በመሠረቱ ግን ፍሊት ናት። ልዩነቱ አየሩን የሚነዳው ክንዳችን ሳይሆን የፒስተኑ እንቅስቃሴ መሆኑ ነው።

ከካርቡራተሩ ሥር ጽዋ የምትመስል ጎድጓዳ አለች። ቤንዚን ከታንኩ በራሱ ክብደት ወርዶ እዚያ ይጠራቀማል። በጽዋው ውስጥ ተንሳፋፊ አለ፤ ቤንዚኑ ከፍ ሲል ተንሳፋፊው ይነሳና አንዲት ትንሽ መርፌ ገፍቶ መግቢያውን ይዘጋል። ጣሪያ ላይ ያለው የውሃ ሮቶ ሲሞላ ውሃውን የሚያቆመው ተንሳፋፊም ሥራው ያው ነው። ከጽዋው ወደ አየሩ መንገድ የሚወጡ በሮች ግን አንድ አይደሉም። ሚስጥሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ እባካችሁ ጆሯችሁን ስጡኝ።

እጀታው ሲዘጋ ሞተሩ በሚኒሞ የሚሠራው ከትንሿ ጄት በሚያገኘው ቤንዚን ነው። ጄት የምንላት መሐሏ የተበሳ የናስ ብሎን ናት፤ የትንሿ ቀዳዳ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። እጀታው ሩብ ካለፈ በኋላ እስከ ሦስት አራተኛ ድረስ መጠኑን የምትወስነው ረጅም መርፌ ናት። ይህቺ መርፌ ከታች እየቀጠነች የምትሄድ ስትሆን፣ የአየሩን መንገድ ከምትከፍትና ከምትዘጋ ተንሸራታች በር ጋር ታስራ ከፍና ዝቅ ትላለች፤ ከፍ ባለች ቁጥር ብዙ ቤንዚን ታሳልፋለች። ከሦስት አራተኛ በላይ፣ እጀታው ሙሉ በሙሉ ሲከፈት፣ ሥልጣኑ የትልቋ ጄት ነው። በትንሿ ጄትና በመርፌዋ መካከል ባለችው ጠባብ ክልል ደግሞ የተንሸራታቿ በር የታችኛው ጠርዝ ቅርጽ ይወስናል፤ እሱ ከፋብሪካ ተቆርጦ የመጣ ስለሆነ አንነካውም።

እንግዲህ ካርቡራተር አንድ ዕቃ ቢመስልም በውስጡ እየተቀባበሉ የሚሠሩ በርካታ ሠራተኞች አሉት። አንዱ ሲታመም ሌላው ጤነኛ ሊሆን ይችላል። አንዱ ሲራብ ሌላው ሊጠግብ ይችላል። ስለዚህ «ካርቡራተሩ ችግር አለበት» የሚለው ቃል ምንም አይነግረንም። ጥያቄው «እጀታው የት ሲደርስ?» ነው። መካኒኮቹም የተለያዩት በዚህ ነው፤ የመጀመሪያው በቆመችበት በሚኒሞ አዳመጣት፣ ሁለተኛው መንገድ ላይ ነዳት።

የወጣቱን ጥያቄ እንደሰማን የመጀመሪያ ሥራ አድርገን ያዘዝነው ይህንን ነው። ነጭ ፕላስተር አምጣ። አንዱን ቁራጭ በሚዞረው እጀታ ላይ፣ ሌላውን ከጎኑ በማይዞረው ክፍል ላይ ለጥፍ። በእስክሪብቶ ዝግ የሆነበትን፣ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት አራተኛና ሙሉ የሚሆንበትን አስምር። ከዚያ ጭር ባለ መንገድ ላይ ንዳና ሕመሙ በየትኛው መስመር ላይ እንደሚጀምርና እንደሚያበቃ ጻፍ። ፕላስተርና እስክሪብቶ ብዙ ወጪ አይጠይቁም፤ ብዙዎቻችን ግን ይህን ሳናደርግ ወደ መፍታት እንሮጣለን።

ከመፍታት በፊት ሌላም መጣራት ያለበት ነገር አለ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ እንዳይሆንብን፣ ጥፋቱ በእርግጥ ካርቡራተሩ ጋ መሆኑን እናረጋግጥ። አሮጌ ሞተር ሳይክል ላይ ካርቡራተር የብዙዎችን ጥፋት ይሸከማል።

ቤንዚኑ ይደርሳል ወይ? ቱቦውን ከካርቡራተሩ አውልቃችሁ ንጹሕ የመስታወት ብርጭቆ ከሥሩ አድርጋችሁ መክፈቻውን ክፈቱ። ሳይቆራረጥ መውረድ አለበት። ብርጭቆውን ለጥቂት ደቂቃ አስቀምጡት። ውሃ ካለበት ቤንዚኑ ሥር ይተኛል፤ በመሐላቸው ጥርት ያለ መስመር ይታያል። ዝገት ካለም ይዘቅጣል። አሮጌ የብረት ታንክ፣ በተለይ ግማሽ ድረስ ብቻ ተሞልቶ ክረምት ያለፈበት፣ ሁለቱንም ይሰጣችኋል።

ታንኩ ይተነፍሳል ወይ? ክዳኑ ላይ አየር የሚያስገባ ትንሽ ቀዳዳ አለ። እሱ በአቧራ ሲደፈን ሞተሩ ጥሩ ሄዶ ሄዶ፣ ከአሥር ወይም ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ ደክሞ ይጠፋል። ቆይቶ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። መንገድ ላይ ሲጠፋባችሁ ወዲያው ክዳኑን ክፈቱና አዳምጡ። ትንፋሽ የሚመስል «ፍስስ» ከሰማችሁ በሽታውን አገኛችሁ።

ማርሚታው ተደፍኗል ወይ? የዲቲዋ ሞተር መካኒኮች ቱ ስትሮክ የሚሉት፣ ቤንዚን ከዘይት ጋር አብሮ የሚነድበት ዓይነት ነው። የተቃጠለው ዘይት ዓመት ከዓመት ማርሚታው ውስጥ እንደ ምጣድ ጥላሸት ይጋገራል። መውጫው ሲጠብ ሞተሩ ከፍ ባለ ዙር ይታፈናል፤ ሰውም ቤንዚን የበዛበት ይመስለዋል። የአየር ማጣሪያው ፊልትሮም እንዲሁ ነው። የወጣቱ ዲቲ ፊልትሮ ስፖንጅ ነበር፤ አራት ዓመት በመቆሙ ሲነካ እንደ ደረቀ ዳቦ እየተፈረፈረ ወጣ። በአዲስ ተካው፤ ጭሱ ትንሽ ቀነሰ፤ ሕመሙ ግን አልተወም። የእሳቱንም ነገር አየ፤ ብልጭታው ሰማያዊና ጠንካራ ነው። አሁን ወደ ካርቡራተሩ መሄድ ይቻላል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁንም ግን አንፈታም። ካቻቢቴ እናነሳለን፤ ለአንዲት ብሎን ብቻ።

በሚኩኒው ጎን ሁለት ብሎኖች ይታያሉ። ተለቅ ያለችው የተንሸራታቿን በር ከፍ አድርጋ የምትይዝ ናት፤ ሚኒሞን ከፍና ዝቅ የምታደርገው እሷ ናት። ትንሿ ወደ አየር ፊልትሮው ጠጋ ብላ የምትገኘው የአየር ብሎን ናት። ወደ ውስጥ ስትጠብቅ አየር ይቀንሳል፤ ስትላላ አየር ይጨምራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ልንገራችሁ። በአንዳንድ ካርቡራተሮች፣ በበርካታ የሆንዳ ሞተር ሳይክሎች ላይ በምናገኛቸው ኬሂኖች ጭምር፣ ተመሳሳይ ብሎን ወደ ሞተሩ ተጠግታ ትገኛለች። ያቺ የምትቆጣጠረው አየሩን ሳይሆን ቤንዚኑን ነው፤ ስለዚህ ሥራዋ ግልብጥ ነው፤ ስትላላ ቤንዚን ይጨምራል። ያቺን ብሎን ከማዞር በፊት ወደ ፊልትሮው ወይስ ወደ ሞተሩ እንደምታዘነብል ማየት ግማሽ ቀን ከመድከም ያድናል።

ሞተሩን አሙቁት። የአየር ብሎኗን ሩብ ሩብ ዙር እያዞራችሁ አዳምጡ። ጤነኛ ካርቡራተር ይመልስላችኋል፤ ዙሩ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ይወርዳል፣ ከፍ ያለበት ነጥብ ትክክለኛው ቦታ ነው። ብዙውን ጊዜ ሙሉ በሙሉ ከጠበቀችበት አንድ ዙር ተኩል ገደማ ስትላላ ይገኛል። ወጣቱ ይህን ሞከረ። ብሎኗን ወደ ውስጥ አዞራት፣ ወደ ውጭ አዞራት፤ የሞተሩ ድምፅ አልተለወጠም። ምንም። ብሎኗ ስትዞር ድምፁ ካልተለወጠ የትንሿ ጄት መንገድ ተደፍኗል ማለት ነው።

አሁን የቾኩም ነገር ግልጽ ይሆናል። በሚኩኒው ላይ ቾክ ስሙ እንጂ አየሩን አይዘጋም። ከጽዋው ሌላ ጠባብ መንገድ ከፍቶ ተጨማሪ ቤንዚን ይሰጣል። ትንሿ ጄት የምትሰጠው ስለሌላት ሞተሩ በሚኒሞ የሚኖረው በቾኩ ምጽዋት ነበር፤ ቾኩ ሲመለስ የሚጠፋው ለዚህ ነው። በነገራችን ላይ ይህ ዓይነቱ ቾክ የሚሠራው እጀታው ተዘግቶ ሳለ ነው። በብርድ ጠዋት ቾክ ስበው እጀታውንም አብረው እያዞሩ የሚረግጡ ሰዎች ራሳቸውን ያደክማሉ፤ እጀታው ሲከፈት ያ ጠባብ መንገድ ቤንዚን የሚስብበት ኃይል ያጣልና። እጃችሁን ሰብስቡና ርገጡ።

ስለዚህ የመጀመሪያው መካኒክ እውነቱን ነው፤ በሚኒሞ ቤንዚን አንሷታል። አራት ዓመት የቆመ ቤንዚን ቀለል ያለው ክፍሉ በንኖ ያልቅና እንደ ቫርኒሽ የሚያጣብቅ ቡናማ ዝቃጭ ይተዋል። ጽዋው ሲከፈት ሽታው እንደ አሮጌ ቀለም ነው። ዝቃጩ በቅድሚያ የሚደፍነው ጠባቧን ቀዳዳ ነው። ትልቋ ጄት ቀዳዳዋ ሰፊ ስለሆነ ተርፋለች።

ሁለተኛው መካኒክስ? ግማሽ እጀታ ላይ ያለው ጥቁር ጭስ ከየት መጣ?

ይህን ለማረጋገጥ ወጣቱ መንገድ ላይ ሌላ ሙከራ አደረገ። እጀታውን ግማሽ ላይ አድርጎ እየነዳ ሳለ የቤንዚኑን መክፈቻ ዘጋው። በጽዋው ያለው ቤንዚን ዝቅ እያለ ሲሄድ ለሞተሩ የሚደርሰውም እየቀነሰ ይሄዳል። አንሶት የነበረ ሞተር ቢሆን ወዲያው ይብስበታል። የእሱ ግን ለጥቂት ሰከንዶች ድምፁ ጠራ፤ ጉልበት አገኘ፤ ከዚያ ነው የደከመው። ያቺ የጠራችበት ጥቂት ሰከንድ ሙሉ ማስረጃ ናት። በዝቶባት ነበር። ይህን ስትሞክሩ መንገዱ ጭር ያለ ይሁን፣ እጃችሁም መክፈቻውን ሳታዩት የሚያገኘው ይሁን።

ግን ለምን በዛባት? ዲቲዋ ሸዋ ሮቢት ዓመታት እንዲሁ ስትሠራ እንዲህ አልነበረችም። መርፌዋን ማንም አልነካትም፣ ትልቋን ጄትም ማንም አልቀየራትም።

የተለወጠው አገሩ ነው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ ከ1,300 ሜትር ብዙም አይርቅም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ነው። ዲቲዋ በአይሱዙ ጀርባ ላይ ሆና የጣርማ በርን ዳገት ወጥታ፣ ጣሊያን የፈለፈለውን ዋሻ አልፋ ስትመጣ፣ የምትተነፍሰውን አየር ቆላ ትታ ነው የመጣችው። ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር የሸዋ ሮቢት አየር በአሥራ ሁለት በመቶ ገደማ የሳሳ ነው፤ የደብረ ብርሃኑ ግን በሩብ ያህል። ካርቡራተር አየርን የሚሰፍረው በስፋቱ እንጂ በክብደቱ አይደለም። የሳሳ አየር ሲመጣለት የቤንዚኑንም መጠን ጥቂት ይቀንሳል፤ ግን የአየሩን ያህል አይቀንስም። ገንፎ ስታገነፉ ውሃውን ቀንሳችሁ ዱቄቱን ያንኑ ያህል ብትጨምሩ ምን ይሆናል? ይጠጥራል። የሂሳቡን ውጤት ብቻ ልንገራችሁ፤ በባሕር ዳርቻ በልኩ የተቃኘ ካርቡራተር ደብረ ብርሃን ሲደርስ ድብልቁ በአሥራ አምስት በመቶ ገደማ ቤንዚን ይበዛበታል። ለሸዋ ሮቢት የተቃኘው ደግሞ በስምንት በመቶ ያህል።

ለቤንዚን ተስማሚው ልክ በክብደት ለአንድ እጅ ቤንዚን አሥራ አራት ከሰባት አሥረኛ እጅ አየር ነው። ሞተር ጉልበት እንዲሰጥ ከዚህ ጥቂት ወደ ቤንዚን ማድላት ይወዳል። ድሮውንም ያዘነበለ ድብልቅ ላይ ስምንት በመቶ ሲጨመር ግን ይታፈናል።

ይህን ነገር ደጋ ላይ የምትነዱ ሁሉ እንድታስቡበት አጥብቄ እለምናችኋለሁ። አዲስ አበባም ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከጃፓንም ይምጣ ከሌላ፣ ሞተር ሳይክሉ ፋብሪካው ለቆላ አገር ያቃኘው ከሆነ፣ እዚህ ሲደርስ ጥቁር ቢያጨስ ታሟል ማለት አይደለም። ባልታመመ ካርቡራተር ላይ ስንት ሰው ገንዘቡን እንደጨረሰ ሳስብ ያሳዝነኛል። በጉልበት በኩል ደግሞ እውነቱን እወቁት፤ አየሩ በሩብ ሲሳሳ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ድብልቁን ብናስተካክል ጭሱ ይጠፋል፣ ድምፁ ይጠራል፤ የሸዋ ሮቢቱን ጉልበት ግን ማንም መካኒክ ደብረ ብርሃን ላይ አይመልሰውም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን መፍታት ይቻላል፤ ምን እንደምንፈልግ አውቀናልና።

በመጀመሪያ ስለ ደኅንነት። ቤንዚን የሚያቃጥለን በፈሳሹ ብቻ ሳይሆን በማይታየው ትነቱ ነው። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ሄዶ ከሩቅ ምድጃ ጋር ይገናኛል። ደጅ ላይ ሥሩ፤ ከሰል፣ ሲጋራና ቡና የሚፈላበት ቦታ ይራቅ። ሁለተኛው፣ በአፍ በጎማ ቱቦ ቤንዚን መሳብን ተዉ። በአገራችን የተለመደ ስለሆነ ቀላል ይመስላል። ቤንዚን ትንሽም ቢሆን ወደ ሳንባ ከገባ ሳንባን በከባድ ሁኔታ ያቆስላል፤ ሰው ይገድላል። ለማስታወክ መሞከርም ጉዳቱን ያብሳል፤ መፍትሔው ወዲያው ሐኪም ቤት መሄድ ነው። ከታንኩ መክፈቻ በቱቦ ወደ ጀሪካን ማውረድ እየተቻለ አፍን ማስጠጋት ምን ያደርጋል?

ከመፍታታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ከሥር ነጭ ጨርቅ አንጥፉ፤ ትንንሾቹ ብሎኖች ሲወድቁ ይታያሉ። የአየር ብሎኗን ከማውጣታችሁ በፊት በቀስታ እስክትነካ ድረስ ወደ ውስጥ እያዞራችሁ ቁጠሩና ቁጥሩን ጻፉት፤ በኋላ መመለሻችሁ እሱ ነው። በኃይል አታጥብቋት፤ ጫፏ ይጎዳል።

ጄቶቹን በልካቸው በሆነ ካቻቢቴ አውጧቸው። ወደ ብርሃን አንስታችሁ እዩ። የወጣቱ ትንሿ ጄት ጨርሳ ጨልማ ነበር፤ ብርሃን አታሳልፍም። ዝቃጩ እንዲሟሟ ለካርቡራተር ማጽጃ በሚሸጠው ፈሳሽ ዘፍዝፏት፤ አንድ ሌሊት ቢሆንም አይቆጫችሁ። ከዚያ በኮምፕሬሰር አየር ንፏት። ብረት ሽቦ ግን አታስገቡባት። ናስ ለስላሳ ነው፤ ብረት ይፍቀዋል። እኔ ወጣት ሳለሁ አንዲት ጄት በብረት ሽቦ ጠርጌ ቀዳዳዋን አሰፋሁት፤ ሞተሩ ከዚያ በኋላ ቤንዚን እየጠጣ አስቸገረኝ፤ ምክንያቱን ሳውቅ ወራት አልፈው ነበር። የግድ ከሆነ ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር መዝዛችሁ ተጠቀሙ። ጄቷ የምትቀመጥበትን መንገድም መንፋት አትርሱ፤ ብዙ ሰው ጄቷን አጽድቶ የተደፈነውን ቧንቧ እንደነበረ ይመልሰዋል።

የጽዋውን ጎማ ማሸጊያ፣ የተንሳፋፊውን መርፌ ጫፍ እዩ። ጫፏ ላይ ቀለበት የሚመስል ጭረት ካለ መግቢያውን አትዘጋም፤ ቤንዚን በትርፍ መውጫው ቱቦ ይንጠባጠባል። አዲስ አበባ ላይ ቤንዚን ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከሚመጣ ኢታኖል ጋር እየተቀላቀለ የተሸጠበት ጊዜ ነበር። ኢታኖል ውሃ ይስባል፣ ለእሱ ያልተሠራ አሮጌ ጎማንም ያሳብጣል። በዚያ ዘመን የሠራ አሮጌ ካርቡራተር ካላችሁ ጎማዎቹን በደንብ ፈትሹ።

ካርቡራተሩ ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበት ወፍራም ጎማም አለ። ሲያረጅ ይሰነጠቅና ያልተቆጠረ አየር ያስገባል፤ ሚኒሞ ያለ ምክንያት ይጮሃል፣ እጀታውን ስትዘጉት ዙሩ አይወርድም። ሞተሩ ሲሠራ የሳሙና ውሃ በዙሪያው ርጩበትና አዳምጡ። ድምፁ ለአፍታ ከተለወጠ ስንጥቁ እዚያ ነው። ቤንዚን አትርጩ፤ የሚያደርጉ አይቻለሁ፣ ሲቃጠሉም አይቻለሁ።

የመጨረሻዋ መርፌዋ ናት። ከላይኛው ጫፏ አምስት ጭረቶች አሏት፤ ከአንዷ ላይ ትንሽ ክሊፕ ተቀምጣለች። ክሊፗ አንድ ጭረት ወደ ላይ ስትሄድ መርፌዋ አንድ ደረጃ ዝቅ ትላለች፤ ቤንዚኑ ይቀንሳል። ወጣቱ ሲከፍት ክሊፗን ሦስተኛዋ ላይ አገኛት። ከላይ ሁለተኛዋ ላይ አደረጋት። ሥራው ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። እጀታውን ሙሉ ከፍቶ ረጅም መንገድ የሚነዳ ቢሆን ትልቋንም ጄት በአንድ ወይም በሁለት ቁጥር ያነሰች እንዲያደርጋት እንመክረው ነበር። እሱ ግን ከተማ ውስጥ ነው የሚነዳት። ጄት ስትገዙ ከራሱ ከሚኩኒ ቁጥር ጋር አነጻጽሩ፤ የአንዱ ኩባንያ ቁጥር ከሌላው ጋር አይገናኝም።

ሥራው ካለቀ በኋላ ፍርዱን የምትሰጠው ካንዴላ ናት። አዲስ ካንዴላ አስገብታችሁ ጥቂት ኪሎ ሜትር ንዱና አውጥታችሁ እዩ። የተቆላ ቡና የመጀመሪያ ቀለም፣ ያ ነጣ ያለ ቡናማ፣ መልካም ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን መብዛቱን ይናገራል። ነጭ፣ የተቃጠለ መልክ ካያችሁ ግን ደንግጣችሁ ቁሙ። በቱ ስትሮክ ሞተር ቤንዚን መብዛት ገንዘብ ያስወጣል፤ ቤንዚን ማነስ ፒስተን ያስጨርሳል። ሙቀቱ ይበረታል፣ ፒስተኑ ያብጣል፣ ሲሊንደሩን ፍቆ ተጣብቆ ይቀራል፤ የኋላ ጎማም በዚያው ይቆለፋል።

ለዚህ ነው ወጣቱን አንድ ነገር አጥብቀን ያስጠነቀቅነው። ለደብረ ብርሃን ቤንዚን የቀነሰላት ዲቲ ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርድ አየሩ ይወፍራል፤ ለደጋው ልክ የነበረው ቤንዚን ለቆላው ያንሳል። በዚያ ላይ የጣርማ በር ቁልቁለት ረጅም ነው። እጀታውን ዘግቶ ሞተሩን ብቻ ፍሬን አድርጎ መውረድ ይመቻል፤ ግን የዲቲ የዘይት ፓምፕ እጀታው ሲዘጋ የሚሰጠው ዘይት ጥቂት ነው። አልፎ አልፎ እጀታውን ከፈት አድርጎ ለሞተሩ ዘይት ማቀመስ ያስፈልጋል። ቆላ ከደረሰ በኋላ የሚቆይ ከሆነ ክሊፗን ወደ ቦታዋ ይመልሳታል።

አሁን ደግሞ ባለፈው ቅዳሜ የላከልንን ድምፅ አብረን እንስማ።

(የሞተር ሳይክል ድምፅ። አንዴ ይረገጣል፤ ይነሳል። ቾኩ ሲመለስ ቀጭን የብረት ቃጭል ይሰማል፤ ሞተሩ አይጠፋም። ዙሩ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ሳይንተፋተፍ ይወርዳል።)

ከድምፁ ጋር አንድ ፎቶም ልኮልናል። የዲቲዋ ወንበር ተነስቷል። ከሥሩ፣ ባትሪው አጠገብ፣ ነጭ ፕላስተር ተለጥፏል። በአባቱ እጅ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «ሸዋ ሮቢት 3፤ ደብረ ብርሃን 2።»